ልጅዎ ሌሊት ያንኮራፋል? ሐኪሙ ያልጠየቀው፣ ወላጅም ያልተናገረው

የትምህርት ቤት ውጤት በሚሰጥበት ሰሞን በብዙ ቤት የሚሰማ ወቀሳ አለ። ልጁ ክፍል ውስጥ አይረጋጋም። የተነገረውን ቶሎ ይረሳል። ጠዋት ከእንቅልፉ ለመነሳት ይታገላል፤ መድረሳ ሲሄድም ቁርአኑ ፊቱ ተዘርግቶ ዓይኑ ይከደናል። መምህሩ «ትኩረት ይጎድለዋል» ብሎ ይጽፋል። ኡስታዙ «እንቅልፋም ነው» ይላል። አባት «ሰነፍ ሆነብኝ» ብሎ ያዝናል። እናት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኮራፋ ስለምትሰማው «ኧረ እንቅልፉስ ጥሩ ነው» ትላለች። አራቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። ነገር ግን የልጁን ቀንና የልጁን ሌሊት አንድ ላይ አድርጎ ያየ የለም።

ይህን ማገናኘት የሚጠበቅበት የሕክምና ባለሙያው ነው። ይሁንና በበርካታ አገሮች በሐኪሞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የሚያሳዩት ባለሙያውም ብዙ ጊዜ ጥያቄውን እንደማያነሳ ነው። በዚህ ጽሑፍ የልጆች ማንኮራፋት መቼ ሕመም እንደሚሆን፣ ሐኪሞች ለምን እንደሚያልፉትና እኛ ወላጆች ምን ማድረግ እንደምንችል እንመለከታለን። የምንለው በአጭሩ ይህ ነው፤ ልጃችን አዘውትሮ የሚያንኮራፋ ከሆነ፣ ሐኪሙ ባይጠይቀንም እኛው እንናገር።

ሕመሙ ምንድን ነው?

በሕክምናው ዓለም «ኦብስትራክቲቭ ስሊፕ አፕኒያ» ይባላል። በእንቅልፍ ጊዜ የአየር መተላለፊያ እየጠበበና እየተዘጋ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሕመም ነው። ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻዎች ይላላሉ። መተላለፊያው ሰፊ ከሆነ መላላታቸው ችግር አያመጣም። ጠባብ ከሆነ ግን አየሩ በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ በዙሪያው ያለው ሥጋ ይንቀጠቀጣል። የማንኮራፋት ድምፅ የሚባለው ይኸው ነው። መተላለፊያው ጭራሹን ሲዘጋ ድምፁ ድንገት ይጠፋል። በዚህ ጊዜ የልጁ ደረትና ሆድ ለመተንፈስ ይታገላሉ፤ አየር ግን አይገባም። በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሊቀንስ ይችላል። አንጎል ይህን ሲያውቅ ልጁን ለቅጽበት ያባንነዋል፤ ልጁም አየር ስቦ፣ ተገላብጦ መልሶ ይተኛል። ይህ በአንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ጠዋት ሲነሳ ግን አንዱንም አያስታውሰውም።

በልጆች ላይ ዋናው ምክንያት የቶንሲልና የአዴኖይድ ማበጥ ነው። አዴኖይድ ከአፍንጫ ጀርባ የሚገኝ፣ አፍ ሲከፈት የማይታይ፣ እንደ ቶንሲል ያለ እጢ ነው። ከ2 እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ እነዚህ እጢዎች ከጉሮሮው ስፋት ጋር ሲነጻጸሩ ትልቅ ስለሚሆኑ ሕመሙም በዚህ ዕድሜ ይበረታል። ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ የመንጋጋና የፊት አጥንት አፈጣጠር፣ የጡንቻ ድክመትና ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆችም ይበልጥ ይጋለጣሉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ የተጠቀሱት ጥናቶች ሕመሙ ከ1.2 እስከ 5.7 በመቶ በሚሆኑ ልጆች ላይ እንደሚገኝ ያሳያሉ። ይህ ማለት 50 ልጆች በሚማሩበት አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ወይም ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ልጆች ሊኖሩ ይችላሉ ማለት ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የልጅና የአዋቂ ሕመም ምልክት መለያየቱ ነው። አዋቂ ሰው ሌሊት እንቅልፉ ከተቆራረጠ ቀን ቀን ያንጎላጃል፤ መኪና እየነዳ ሳይቀር እንቅልፍ ይጥለዋል። ልጅም ሊያንጎላጅ ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን በተቃራኒው እረፍት ያጣል፤ ይቅበጠበጣል፤ ይነጫነጫል፤ አንድ ነገር ላይ መቆየት ያቅተዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ ያየ ሰው «ባለጌ ሆኗል» ይላል እንጂ «እንቅልፍ አጥቷል» አይልም። አንዳንዱም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ተልኮ የትኩረት ማነስ ችግር አለበት ሊባል ይችላል።

ሐኪሞች ለምን ያልፉታል?

ሕመሙ በልጆች ላይ እንደሚከሰት በዘመናዊ ምርመራ ተረጋግጦ የተጻፈው በቅርብ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ክርስቲያን ጊልሚኖና ባልደረቦቹ የስምንት ልጆችን ታሪክ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1976 ነበር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ሐኪሞች እያንዳንዱን ልጅ በመደበኛ ምርመራ ጊዜ «ያንኮራፋል ወይ?» ብለው እንዲጠይቁ መመሪያ አወጣ። መመሪያው በ2012 ሲታደስም ይኸው ጥያቄ የመጀመሪያውን ቦታ እንደያዘ ቀጠለ። ጥያቄው መሣሪያ አይፈልግም፤ ገንዘብም አያስወጣም።

ታዲያ ለምን አይጠየቅም? አንዱ ምክንያት ሥልጠና ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የታተመ ጥናት የሕፃናት ሐኪሞች በስፔሻሊቲ ሥልጠናቸው ውስጥ ስለ እንቅልፍ የሚማሩት በአማካይ 4.8 ሰዓት ብቻ እንደሆነ አመልክቶ ነበር። ዓመታት በሚፈጅ ሥልጠና ውስጥ የአንድ ቀን ትምህርት እንኳ አልሞላም ማለት ነው። ልጅ ግን ከሕይወቱ ትልቁን ድርሻ የሚያሳልፈው ተኝቶ ነው። በኋላም ሐኪሞች ስለዚህ ሕመም ያላቸውን እውቀትና አመለካከት የሚለካ «ኦሳካ ኪድስ» የተሰኘ መጠይቅ ተዘጋጅቶ በተለያዩ አገሮች ሥራ ላይ ውሏል። በእነዚህ ጥናቶች ተደጋግሞ የሚታየው አንድ ነገር አለ። አብዛኞቹ ሐኪሞች ሕመሙ አሳሳቢ መሆኑን ይቀበላሉ፤ ልጁን ለይቶ ለማወቅና ለማከም በራሳቸው የሚተማመኑት ግን በጣም ያነሱ ናቸው። ችግሩ የሐኪሞች ግድየለሽነት ነው ብሎ መደምደም እንግዲህ ትክክል አይሆንም።

ሁለተኛው ምክንያት ከሕመሙ ጠባይ የሚመጣ ነው። ሐኪም ልጁን የሚያየው ነቅቶ ነው። ልጁ ወንበር ላይ ተቀምጦ በደንብ ይተነፍሳል፤ ሳንባው ንጹሕ ነው፤ ትኩሳት የለውም። ሕመሙ ያለው ሌሊት፣ መኝታው ላይ ነው። የዚህ ምስክር ደግሞ አብሮት የሚያድረው ቤተሰብ ብቻ ነው። መመሪያውም ቢሆን ቀን የተደረገ ምርመራ ምንም አለማሳየቱ ሕመሙ የለም ለማለት እንደማያበቃ ይገልጻል። የቶንሲል ትልቅነትም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ትልቅ ቶንሲል ይዞ በሰላም የሚተኛ ልጅ አለ፤ መካከለኛ ቶንሲል ይዞ የሚታፈንም አለ።

ሦስተኛው እኛው ወላጆች ነን። በልማዳችን ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ ምልክት ተደርጎ ይታያል። ልጁ ሲያንኮራፋ «ደክሞት ነው» እንላለን፤ እንስቃለንም። አባትም የሚያንኮራፋ ከሆነ «በአባቱ ወጣ» ብለን እናልፈዋለን። ሐኪም ቤት የምንሄደው ለትኩሳት፣ ለሳልና ለተቅማጥ ነው። ወላጅ ያልተናገረውን ሐኪም አይጠይቅም፤ ሐኪም ያልጠየቀውንም ወላጅ አይናገርም። ልጁ በሁለቱ ዝምታ መካከል ይቀራል።

ዝምታው ምን ያስከፍላል?

እ.ኤ.አ. በ1998 ዶክተር ዴቪድ ጎዛል በአሜሪካ ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በትምህርታቸው ዝቅተኛ ውጤት ያላቸው 297 የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች በመኖሪያ ቤታቸው በእንቅልፍ ጊዜ የአተነፋፈስ ምርመራ ተደረገላቸው። ከመካከላቸው 54ቱ ችግሩ ተገኘባቸው። የ24ቱ ልጆች ወላጆች ቶንሲሉና አዴኖይዱ በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ተስማሙ፤ የቀሩት አልተስማሙም። በቀጣዩ ዓመት የታከሙት ልጆች ውጤት ከፍ አለ፤ ያልታከሙት ግን ባሉበት ቀሩ። ልጆቹ በዕጣ ያልተከፋፈሉ ስለሆነ ከዚህ ጥናት ብቻ ሁሉንም ነገር መደምደም አይቻልም። ቢሆንም «ሰነፍ» ተብለው ከተቀመጡት ልጆች መካከል ከአምስት አንድ የሚጠጉት ሌሊት በደንብ የማይተነፍሱ መሆናቸው ቆም ብሎ የሚያሳስብ ነው።

ጉዳቱ በትምህርት ብቻ አያበቃም። ሕመሙ ሲጠና የልጁ እድገትና ክብደት ሊቀንስ፣ የደም ግፊቱ ሊጨምር ይችላል። ለረጅም ጊዜ ሳይታከም የቆየ ከባድ ሕመም ልብን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ሌሊት አልጋ ላይ መሽናት ካቆመ በኋላ መልሶ የጀመረ ልጅም አንዳንዴ ምክንያቱ ይኸው ሆኖ ይገኛል። በዚህ የተነሳ የሚገረፍና የሚያፍር ልጅ ስንት ይሆን?

በሌላ በኩል ነገሩን ማጋነንም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2013 «ቻት» በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ትልቅ ጥናት ውጤቱን ይፋ አደረገ። ከ5 እስከ 9 ዓመት የሆናቸው 464 ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ ክትትል እየተደረገላቸው ለ7 ወር ያህል ቆዩ። በትኩረት ፈተና በሁለቱ መካከል የጎላ ልዩነት አልታየም። በጠባይ፣ በሕመም ምልክትና በኑሮ ሁኔታ ግን ቀዶ ሕክምና ያገኙት በልጠው ተገኙ። የእንቅልፍ ምርመራቸው ወደ ጤናማ የተመለሰው ቀዶ ሕክምና ካገኙት 79 በመቶ ሲሆን ሳይቀደዱ ከተጠባበቁትም 46 በመቶው ተሽሏቸዋል። ከዚህ የምንማረው ሕክምናው እንደሚጠቅም፣ ሆኖም የሚያንኮራፋ ልጅ ሁሉ ቢላዋ እንደማያስፈልገው ነው። የጥናቱ ልጆች ሕመማቸው እጅግ የከፋ እንዳልነበረም መታወስ አለበት።

በአገራችን ያለው ሁኔታ

በኢትዮጵያ አብዛኛውን ሕፃን የሚያየው የሕፃናት ስፔሻሊስት አይደለም። በጤና ጣቢያ የሚያክመው ነርስ ወይም ጤና መኮንን ነው። እነዚህ ባለሙያዎች ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የሚመረምሩት በተቀናጀ የሕፃናት ሕክምና መመሪያ ነው። መመሪያው ሳልና የመተንፈስ ችግርን፣ ተቅማጥን፣ ትኩሳትን፣ የጆሮ ሕመምን፣ የምግብ እጥረትንና የደም ማነስን ተራ በተራ እንዲያዩ ያዛል። ይህ በትክክል የታሰበበት ነው፤ ሕፃናትን በብዛት የሚገድሉት እነዚህ ናቸውና። የብዙ ልጆችን ነፍስም አትርፏል። ነገር ግን የሌሊት ማንኮራፋት በዚህ የጥያቄ ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም።

ሌላው «ቶንሲል» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ የያዘው ትርጉም ነው። ቶንሲል ስንል የጉሮሮ ቁስለትና ትኩሳት ማለታችን ነው። ሐኪሙም ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ኢንፌክሽን ነው፤ ካገኘ አንቲባዮቲክ ያዛል። ይህም ቢሆን ተገቢ ነው፤ ያልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን በልብ ላይ የሚያመጣውን ጠንቅ በአገራችን ብዙ ቤተሰብ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ቶንሲል ሳይቆስልም፣ በማበጡ ብቻ የልጅን ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። ይህን በአንቲባዮቲክ ብቻ መፍታት አይቻልም።

ከሁሉ የሚያስጨንቀው ግን ሌላ ነው። ልጁ ሲያንኮራፋ፣ ሲታነቅ ወይም ምግብ መዋጥ ሲያስቸግረው ወደ እንጥል ቆራጭ የሚወስዱ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ። እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ ለዘመናት የኖሩ ጎጂ ልማዶች ናቸው። የእንጥል መቆረጥ አዴኖይድን አይነካም፤ ያበጠ ቶንሲልንም አያሳንስም። ስለዚህ ሕመሙ ባለበት ይቀራል። በላዩ ላይ ግን የደም መፍሰስ፣ ቁስል መመረዝ፣ ቴታነስ፣ በአንድ ምላጭ የሚተላለፉ እንደ ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ያሉ በሽታዎች ይጨመራሉ። ወላጆች ወደዚያ የሚሄዱት ልጃቸውን ጠልተው አይደለም። ችግሩን አይተዋል፤ የሚሰማቸው ባለሙያ ግን አላገኙም። ሐኪም ቤት ያልተነሳ ጥያቄ በሌላ ቦታ መልስ ይፈለግለታል።

ምርመራውና ሕክምናው

ሕመሙን በእርግጠኝነት የሚለየው ልጁ በምርመራ ማዕከል አድሮ ትንፋሹ፣ የልብ ምቱ፣ ኦክስጅኑና የአንጎሉ እንቅስቃሴ ሌሊቱን ሙሉ የሚመዘገብበት ምርመራ ነው። ይህ በሁሉም ቦታ አይገኝም። ለዚህም ነው የ2012ቱ መመሪያ ምርመራው በሌለበት ሌሎች አማራጮችን የጠቆመው፤ ሌሊት የተቀረጸ ቪዲዮ፣ ጣት ላይ በሚደረግ መሣሪያ ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅን መለካት ወይም ወደ አንገት በላይ ስፔሻሊስት መላክ። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ግን ምልክት ባይታይባቸውም 4 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ የእንቅልፍ ምርመራ እንዲያገኙ ይመከራል፤ ብዙዎቹ ሕመሙ አለባቸውና።

ሕክምናው እንደ ልጁ ይለያያል። ቶንሲሉና አዴኖይዱ ያበጠ ልጅ ከሆነ የመጀመሪያው አማራጭ እነዚህን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። ሕመሙ ቀለል ያለ ከሆነ በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት ሊሞከር ይችላል። ውፍረት ያለበት ልጅ ክብደት መቀነሱ ይረዳዋል። ቀዶ ሕክምናው ላልበቃው ልጅ ደግሞ ሌሊት በጭምብል አየር የሚገፋ መሣሪያ አለ። ዕድሜው ከ3 ዓመት በታች የሆነ፣ ሕመሙ የጠና ወይም ከልክ በላይ የወፈረ ልጅ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪም ቤት አድሮ ክትትል ሊደረግለት ይገባል።

እዚህ ላይ በተለይ እኛን የሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ኮዴይን የተባለው የሕመም ማስታገሻ ቶንሲሉ ለወጣ ልጅ መሰጠት የለበትም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን የከለከለው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ኮዴይን ወስደው ትንፋሻቸው የቆመ ልጆች በመኖራቸው ነው። በ2017 ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሁሉ ከለከለው። ምክንያቱ ኮዴይን ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ስለሚለወጥና አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ይህን ለውጥ እጅግ በፍጥነት ስለሚያካሂዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶው ለዚህ የሚያጋልጥ ዘረመል እንዳላቸው አሳይቷል፤ በአውሮፓ ከሚታየው ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ የትም አገር ብንሆን፣ ለልጃችን ከቀዶ ሕክምና በኋላ የታዘዘው ማስታገሻ ኮዴይን ያለበት መሆን አለመሆኑን ሳንጠይቅ አንስጥ።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

የመጀመሪያው መስማት ነው። ልጆቻችን ሲተኙ ጥቂት ሌሊቶች ቆም ብለን እናዳምጥ። ጉንፋን በያዘው ሰሞን ብቻ የሚያንኮራፋ ልጅ ብዙም አያሰጋም። በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ የሚያንኮራፋ፣ ትንፋሹ የሚቋረጥ ወይም ታንቆ የሚባንን፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ወይም ቁጭ ብሎ ካልሆነ የማይተኛ፣ ጠዋት ራስ ምታት ያለበት ልጅ ግን ሊታይ ይገባዋል። ከንፈሩ የሚጠቁር ወይም ነቅቶም ለመተንፈስ የሚታገል ከሆነ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ሁለተኛው ማስረጃ መያዝ ነው። ስልካችንን አውጥተን የልጁ ደረትና ፊት እንዲታይ፣ ድምፁም እንዲሰማ አድርገን ሁለትና ሦስት ደቂቃ እንቅረጽ። ሐኪሙ ያላየውን ሌሊት የምናሳየው በዚህ ነው። ስንገባም ስለ ትኩሳቱና ስለ ሳሉ ከመናገራችን ጋር «ዶክተር፣ ልጄ በሳምንት ይህን ያህል ሌሊት ያንኮራፋል፤ ትንፋሹም ይቋረጣል» እንበል። በአሜሪካ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የፌዴራል መንግሥት ድጋፍ የሚያገኝ ሐኪም ቤት አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት አትርሱ። ልጁ ራሱ ስለ ራሱ ሕመም አስተርጓሚ መሆን የለበትም።

ሦስተኛው የመምህራንና የኡስታዞች ድርሻ ነው። ሁልጊዜ የሚያንጎላጅ ወይም ፈጽሞ የማይረጋጋ ልጅ ሲያጋጥማችሁ ከመገሰጻችሁ በፊት ወላጁን ጠርታችሁ «ሌሊት እንዴት ነው የሚተኛው?» ብላችሁ ጠይቁ። በየመስጂዱ የጤና ትምህርት የሚሰጡ የማኅበረሰባችን ሐኪሞችም ይህን ርዕስ ቢያነሱት፣ ስለ እንጥል ማስቆረጥም አብረው ቢናገሩ ብዙ ቤት ይደርሳል።

የሕክምና ባለሙያዎቻችንን የምንጠይቀው ደግሞ ብዙ አይደለም። የታካሚው ብዛትና የሰዓቱ ጥበት እንደሚያስጨንቃችሁ እናውቃለን። ክብደቱን ስትለኩ፣ ጉሮሮውን ስታዩ፣ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «ሲተኛ ያንኮራፋል?» ሥልጠና የሚሰጡ ተቋማትም ይህ ጥያቄ ለስፔሻሊስቱ ብቻ ሳይሆን ለነርሱና ለጤና መኮንኑ እንዲደርስ ቢያደርጉ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ልጆቻችን አማና ናቸው። ቀን ስለሚበሉት፣ ስለሚለብሱትና ስለሚማሩት እንጨነቃለን። ሌሊት ስለሚተነፍሱትም እንጠይቅ። ዛሬ ማታ መብራት ከማጥፋታችን በፊት ጥቂት ደቂቃ አጠገባቸው ቁጭ ብለን እናዳምጥ። ጤነኛ ከሆኑ አልሐምዱሊላህ፤ ካልሆኑም በጊዜ ማወቃችን ለመፍትሔው መጀመሪያ ይሆናል ኢንሻአላህ።